ክራንቼ ቤት የቀረ ዕለት

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ክራንቼን ነው፤ እኔ ከክራንቹ ቀጥዬ እመጣለሁ። ልጃገረድ ሳለሁ ይህ ነገር ደሜን ያፈላው ነበር። ገበያ ውስጥ "ያቺ ባለ ክራንቿ" ሲሉኝ ዞር ብዬ "ስም አለኝ!" የምል ቁጡ ነበርኩ። አሁንም ቁጡ ነኝ፤ በዚህ ነገር ግን አልቆጣም። ክራንቼን ሳያይ ያለፈኝ ሰው ምን እንዳሳጣኝ አውቃለሁና።

ግራ እግሬን ልምሻ የወሰደው ገና ድክ ድክ ማለት ስጀምር ነው አሉ። እኔ እሱን አላስታውስም። የማስታውሰው መዳኼን ነው። እኩዮቼ ውሃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙና ሲሯሯጡ እኔ ስድስት ዓመት አልፎኝም ደጃችን ላይ እድኽ ነበር። ደሃና ወረዳ ውስጥ ያለችው መንደራችን ከቁልቁለት ላይ የተለጠፈች፣ ድንጋይዋ ከአፈሯ የሚበዛ ናት፤ መዳፌና ጉልበቴ እንደ ሰኮና ደድረው ነበር። አንድ የንግሥ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ደጃችን ላይ ስድኽ አየኝና ከያዘው ዳቦ ቆርሶ ወረወረልኝ። በእጄ አልሰጠኝም፤ ወረወረልኝ። እናቴ ዳቦውን ከመሬት አንስታ እሱ እያየ ለውሻችን ሰጠችው። ከዚያ እኔን አቅፋ ወደ ቤት አስገባችኝ።

በዓመቱ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአህያ ጭኖ ሰቆጣ ወሰደኝ፤ ስመለስ በሁለት ክራንች ቆሜ ነበር። ያን ቀን ለራሴ ቃል ገባሁ። ከእንግዲህ ሰው ፊት አልድኽም። በር ዘግቼ፣ ቤቴ ውስጥ፣ እሺ። ሰው ፊት ግን በፍጹም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ይህን ቃል ይዤ አደግሁ፣ አሥረኛ ክፍል ደረስኩ፣ በእጅ በምትዞር መኪና ልብስ መስፋት ለመድኩ፣ አገባሁ።

ባሌ ዝምተኛ ገበሬ ነው። ለምን እንዳገባኝ የጠየቁት ብዙ ናቸው፤ እሱ "ሱሪዬን ስትሰፋልኝ ጊዜ" ብሎ ያልፋቸዋል። ሳረግዝ ግን ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። ምንጭ ዳር ካገኘኋቸው ሴቶች መሐል ሳቋን መደበቅ የማታውቅ አንዷ፣ "እሷ ደግሞ በምኗ ልትሸከመው ነው?" አለች። "በሆዴ ነዋ!" አልኳት። "እናንተ በእግራችሁ ነው እንዴ የምታረግዙት?" ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ስድቡ አይደለም ያስለቀሰኝ። እኔም ራሴን የምጠይቀው ያንኑ ስለነበረ ነው።

ልጅ ፈለግሁ። ይህን በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ሰው የእኔ ዓይነቷ ሴት ባጋጣሚ ያረገዘች ይመስለዋልና። አልነበረም። እንደማንኛዋም ሴት ፈልጌ፣ ለምኜ፣ ለእመቤቴ ተስዬ ነው።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆዴን በየወሩ ታይልኝ ነበር። ልጅ እግር ናት፤ አቀበቱን ወጥታ ቤቴ ድረስ ትመጣለች። በሰባተኛው ወር ወገቤን ደጋግማ ለካች። ከዚያ፣ "ስሚኝ፣ ዳሌሽ ባንድ ወገን ጠቧል። ይህ ልጅ በምጥ ብቻ የሚወጣ አይመስለኝም። እዚህ መውለድ የለብሽም። ወርሽ ሲገባ ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ ቀኑ ሳይደርስ ሰቆጣ ሆስፒታል ይወስዱሻል" አለችኝ። ወሩ ሲገባ ራሷ ይዛኝ ሄዳ ማቆያውን አሳየችኝ።

ማቆያውን ወደድኩት። ሩቅ ለሩቅ ያሉ መንደሮች እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት አንድ ክፍል ነው። አምስት አልጋ አለ። አገሩ ያዋጣው የገብስ ዱቄት በከረጢት ተቀምጧል፤ ለወለደችው ገንፎ ይገነፋበታል። ሁለት ሴቶች አንዷ የሌላዋን ጸጉር እየሠራች ይጫወታሉ። "ነይ፣ ይቺ አልጋ ያንቺ ናት" አሉኝ። እኔም በልቤ አልጋዬን ያዝኩ።

ከዚያ ሽንቴ መጣና ሽንት ቤቱን አየሁት። ከቤቱ በስተጀርባ፣ ቁልቁል፣ በእርጥብ ድንጋይ ደረጃ ይወረዳል። ውስጡ ጉድጓድና ሁለት የእግር መርገጫ ነው። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ለሌላው ሰው ቀላል ነው። የእኔ አንዱ እግር አይታጠፍም፤ አንዱ ብቻውን አይሸከመኝም። ቤት ውስጥ ባሌ መሐሉ የተበሳ የእንጨት መቀመጫ ሠርቶልኛል፤ በእሱ ነው የምገላገለው። እዚህ ግን መሬቱ ላይ ቁጭ ማለት፣ ከዚያም እየዳኽኩ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። በዚያ እርጥበት ላይ፣ በቀን አራት አምስቴ፣ ለሳምንታት፣ እነዚያ ሴቶች እያዩኝ።

ሽንቴን ይዤ ተመለስኩ። "ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ ደግሞ የጀመርኩት ስፌት አለ፤ ጨርሼ እመጣለሁ" አልኳት። ኤክስቴንሽኗ ተቆጣች። "ስፌት ይበልጣል ልጅ?" አለችኝ። እውነተኛውን ምክንያት አልነገርኳትም። ይህን የሚያነብ ሰው፣ ለሽንት ቤት ተብሎ እንዲህ ይደረጋል ወይ ሊል ይችላል። ይደረጋል። ያልደረሰበት ይሳቅ።

ለባሌ ግን ነገርኩት። አልሳቀም። ሁለት ቀን ሙሉ እንጨት ሲጠርብ ከረመና ሁለተኛ መቀመጫ ሠራ፤ አራት እግር ያለው፣ መደገፊያ ያለው። ሰቆጣ እህቱ ትኖራለች፤ ግቢዋ ሜዳ ነው፣ ከሆስፒታሉም አትርቅም። "መቀመጫውን እዚያ አድርሼ፣ ማረፊያሽን አዘጋጅቼ እመለሳለሁ። ከዚያ አብረን እንሄዳለን። ማቆያ መግባት የለብሽም" አለኝ። በቁጥራችን ገና ከሦስት ሳምንት በላይ ይቀረኝ ነበር። አንድ ሰኞ ማለዳ መቀመጫውን አህያ ላይ ጭኖ ሄደ። እግሮቹ ወደ ሰማይ ተዘቅዝቀው በአህያዋ ጀርባ ላይ ሲወዛወዙ አይቼ ከልቤ ሳቅሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ የስፌት መኪናዬን እጀታ እያዞርኩ ሳለሁ ወገቤን ያዘኝ።

እናቴ ከላይ ካለው ቤቷ ስትደርስ ምጤ መሆኑን አይታኝ ብቻ አወቀች። ወጥታ ተጣራች። በእኛ አገር ሴት ምጥ ስትያዝ የሚጠራው ቃሬዛ ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይወጣል፤ አልወጣም ማለት የለም፤ ዛሬ ያልተሸከመ ነገ የእሱ ሚስት ትቀራለች። ቃሬዛው ሁለት ረዥም እንጨትና በመሐሉ የተጠላለፈ ጠፍር ነው። አለቃው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴ ባልንጀራ ነበሩ። ከመንደሩ ወላዶች ግማሹን ተሸክሜያለሁ ይላሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ሕጋቸው አንድ ነው። ቁልቁለቱ ስለማያስችል ቃሬዛ ላይ ከሴቲቱና ከጋቢዋ በቀር ምንም አይጫንም። ስንቁና ጨርቁ ከኋላ በሚከተሉት ሴቶች ይመጣል።

ሊያነሱኝ ሲሉ እጄን ወደ ክራንቼ ዘረጋሁ። ሽማግሌው ከእጄ ቀስ ብለው ተቀበሉኝና ሁለቱንም በበሩ ጥግ አስደግፈው አቆሟቸው። እሳቸው ልባቸው ሲራራ የሚናገሩት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። ጎንበስ ብለው በኽምጣኛ፣ "ተይው ልጄ፣ ዛሬ እግርሽ እኛ ነን" አሉኝ።

ወንዶቹ "እውነት ነው!" አሉ። እናቴ እንባዋ መጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ ብብቴን ሲፍቀኝ ከኖረ እንጨት ተለይቼ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ልሄድ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ማንም ስለ ክራንቹ አላሰበም። ከኋላ የሚከተሉት ሴቶችም ጨርቁን፣ ቅቤውን፣ ውሃውን ያዙ። ሰው ለሚሸከማት ሴት ምርኩዝ ለምኗ ነው?

ቃሬዛ ተሸካሚ አይራመድም፤ ይሮጣል። ትከሻው የደከመው "ተቀበል!" ይላል፤ ሌላው ከሥር ይገባል። በየመንደሩ ሴቶች ወጥተው "ማርያም ትቅረብሽ! ማርያም ትቅረብሽ!" ይላሉ። እኔ ሰማይና የወንዶች አገጭ ብቻ ነበር የማየው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ገና ወንዙን ሳንሻገር ድምጿ ከኋላ ጠፋ። ሌሎቹም ሴቶች ከእሷ ጋር ቀሩ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ረፋድ ነበር። ገበያ ቀን ስለነበረ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ቃሬዛውን ከማዋለጃው ፊት ለፊት ካለው በረንዳ ላይ አሳረፉት። ከዚያ ወንዶቹ ወጡ፤ ወንድ ከማዋለጃ ደጃፍ አይቆምም፣ ነውር ነው። ሽማግሌው "እናትሽ ከኋላ ናት፣ ደረሰች" ብለውኝ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ወረዱ።

የማዋለጃው በር ተከፈተና አንዲት አዋላጅ ወጣች። ጓንቷ ደም ነው። ከውስጥ ሌላ ሴት ትጮሃለች፤ ዘመዶቿ "ማርያም ማርያም" ይላሉ። አዋላጇ በጋቢው ላይ ሆዴን ዳሰሰች።

"የመጀመሪያሽ ነው?"

"አዎ።"

"መቼ ጀመረሽ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ገና ነሽ። ተነሺና እዚያ ማዶ ክፍል ግቢ፣ አልጋው ላይ ወጥተሽ ጠብቂኝ። ይህቺ ደም እየፈሰሳት ነው፤ እሷን ላትርፋትና መጣሁ።"

"እህቴ፣ እኔ እኮ..." አልኩ። በሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። በቃሬዛ የመጣች ሴት ሁሉ ጋቢ ስትለብስ አንድ ናት። ክራንቼ አጠገቤ ተጋድሞ ቢሆን ኖሮ ሳልናገር ይናገርልኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከእኔ ቀድሞ ሲታይ የኖረው ነገር፣ መታየት ባለበት አንድ ቀን ቤት ቀረ።

ማዶ ያለው ክፍል ከእኔ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። በመሐሉ ሁለት ደረጃ አለ። እኔ ግን ተጋድሜ ቀረሁ። ምጡ ሲመጣ ጥርሴን ነክሼ፣ ሲሄድ "እህቴ!" እያልኩ ተጣራሁ። ከውስጥ ያለው ጩኸት ድምፄን ይውጠዋል። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት በአጠገቤ ስታልፍ እጇን ያዝኩና "አንሺኝ እባክሽ" አልኳት። "አይዞሽ እህቴ፣ ራስሽ ብትነሺ ይሻላል፤ ሲንቀሳቀሱበት ምጡ ይፈጥናል" አለችኝና ግንባሬን በነጠላዋ ጠርጋልኝ አለፈች። ደግ ሴት ናት። እግሬ አይሠራም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሐል፣ በዚያች ሰዓት፣ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሆኜ በመጣሁበት በዚያ ቀን፣ ሁለቱ ቃል አልወጣልኝም።

ሌላም ነገር ማድረግ እችል ነበር። መዳኽ እችል ነበር። ከቃሬዛው ላይ ወርጄ፣ በመዳፌና በጉልበቴ ሄጄ በሩን መደብደብ እችል ነበር። አስቤዋለሁም። ግቢውን አየሁት፤ ሞልቷል። ዳቦው ትዝ አለኝ። እናቴ አሁን ትደርሳለች አልኩ። አሁን ትደርሳለች። አሁን።

ድንገት ውሃው ፈሰሰ፤ ከውሃው ጋር ሌላ ነገር ወረደ። ለስላሳ፣ ሙቅ፣ እንደ ገመድ ያለ። በእጄ ዳሰስኩት። በጣቴ መሐል ትር ትር ይላል። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። መሆን የሌለበት እንደሆነ ግን አወቅሁ።

ያኔ ዳኽሁ።

ጋቢዬ ቀረ። ቀሚሴ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ፣ የሞተው እግሬ ከኋላዬ እየተጎተተ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ዳኽሁ። አንዲት ሴት "ውይ በሞትኩት! ለካ እግር የላትም!" ብላ ጮኸች። ከዚያ እጅ በዛልኝ፤ ስፈልገው የነበረው እጅ ሁሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሲያነሱኝ በግቢው በር እናቴ ስትገባ አየኋት። ጨርቁን በብብቷ ይዛ፣ አቧራ ለብሳ፤ ስድኽ አይታኛለች።

በአዋላጇ አልፈርድም ለማለት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ቀንድ የምትመስል ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች። "አለ፣ አለ፣ ደከመ እንጂ አለ" አለች። ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ የልጄ ራስ ቀድሞ የወረደውን እትብት እንዳይጫነው ገፍታ ያዘችው። አምቡላንስ ተጠርቶ መጣ፤ እጇን ሳታወጣ አብራኝ ገባች። እስከ ሰቆጣ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ እጇን ሳታነሳ፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያለች ሄደች። እናቴ ከራስጌዬ ሆና ማርያምን ትጠራለች።

ሰቆጣ ፈጥነው ተቀበሉን። ሐኪሙ ልጄን አዳመጠ፤ ደግሞ አዳመጠ። አዋላጇን አያት። እሷም እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች።

በኦፕራሲዮን አወጧት። ሴት ነበረች፤ ትንፋሽ ግን አልነበራትም። ስነቃ እናቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛት ነበር። "ልያት" አልኩ። ከሁሉ በፊት ጨርቁን ገልጬ ያየሁት እግሯን ነው። ፊቷን ሳላይ እግሯን። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ሁለቱም ቀጥ ያሉ፣ ያማሩ ነበሩ። ከዚያ ፊቷን አየሁ። ቅንድቧ የአባቷ ነው።

አዋላጇ ማታውን ሳትሄድ አደረችና በማግስቱ አልጋዬ አጠገብ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። ቁጣ ነው ድምጿ።

"አንቺስ ጋቢውን ለምን አልገለጥሽም?" አልኳት።

ቆማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ያን ቀን ለሌላ ሰው የማካፍለው እንባ አልነበረኝም። ያቺ ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ዳነች ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። ድናለች ብትለኝ ምን ይሰማኝ ይሆን ብዬ ራሴን ፈራሁ።

ቁስሌ እስኪሽር፣ እዚያው ሰቆጣ ካገኘኝ ባሌ ጋር እህቱ ቤት ከረምኩ። መቀመጫው ከግቢው ጥግ ቆሞ ጠበቀኝ። እንጨቱ ገና አዲስ ነው፤ የተጠረበ እንጨት ሽታ ይሸታል። ባሌ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ልክ ነበር። ቁመቱም፣ መደገፊያውም ልክ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ። ባሌ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሞ ጠበቀኝ።

ወደ ቤት ስመለስ መኪናው ከሚያደርሰው ቦታ ቃሬዛው ወጥቶ ተቀበለኝ። በአገራችን ወልዳ በቃሬዛ የምትመለስ ሴት በምታልፍበት መንደር ሁሉ እልል ይባልላታል፤ "ምን ወለደች?" ይባላል፤ ተሸካሚዎቹም በኩራት ይመልሳሉ። እኔ ያንን እየፈራሁ ጋቢዬን ተከናንቤ ተጋደምኩ። ግን የትም እልልታ አልሰማሁም። ቀና ብዬ ሳይ ሽማግሌው ከእኛ በጣም ቀድመው፣ በዚያ ዕድሜያቸው አቀበቱን እየሮጡ፣ ወደየመንደሩ ይገባሉ። በትራቸውን ወደ ላይ አንስተው ሰዉን ዝም ያሰኛሉ። እኛ ስንደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከመንገድ ዳር ቆመዋል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሉኛል፣ ቀስ ብለው። ሕፃኑ ቢሞትም እናት ከተረፈች የሚባለው ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለንም። እኔም "ማርያም ታኑራችሁ" እላለሁ። ስምንት መንደር አለፍን። ስምንት ጊዜ መለስኩ።

ክራንቼ በበሩ ጥግ ሽማግሌው እንዳቆሙት ቆሞ ነበር። አንዱ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች። ብዙ ቀን አልነካሁትም። እናቴ ምግብ ስታቀርብልኝ አልፋው ትሄዳለች፤ እሷም አትነካውም። ስለዚያ ቀን ልናገር ስል "ሆድ ይፍጀው ልጄ" ትለኛለች። እኔ ግን ሆዴ ሊፈጀው የሚችል ሰው አይደለሁም።

ሽማግሌው ወሩን ሙሉ ወደ ቤቴ አልመጡም። አንድ ቅዳሜ መጡና ከደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ግቡ ብላቸው አልገቡም። ክራንቹን አዩት።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ እዚህ ያቆምኩት።"

እርስዎ አይደሉም፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ማለት ነበረብኝ። የሚባለው እንደዚያ ነው። እኔ ግን፣ "አዎ አባቴ፣ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

እናቴ ከጓዳ ደነገጠች። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነቱን የሚላቸው ሰው ፈልገው የመጡ ይመስል። "ስንቷን ሴት ተሸከምኩ" አሉ። "አንዷንም ምን ያስፈልግሻል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምናውቅ መስሎን።" ተነሱ፤ የሸረሪቱን ድር በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ክራንቹን አምጥተው ከመደቤ አጠገብ አስደገፉልኝ። ሲሄዱ እናቴ ተቆጣችኝ። "ሽማግሌ እንዲህ ይባላል? እህቶችሽን የወለድኩበት ሆድ ነው አንቺን የወለደው?" አለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው አልኳት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሳቀች።

ለኤክስቴንሽኗ በኋላ እውነተኛውን ምክንያት ነገርኳት። አዳመጠችኝና ደብተሯን አውጥታ የባሌን መቀመጫ ሣለች። ለማቆያው እንዲሠራ ጠይቃለች። እስካሁን አልተሠራም። ሐኪሞቹም እንደገና መውለድ ትችያለሽ ብለውኛል። እኔ ገና አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ምራት ምጥ ያዛት። ጠዋት ነው። ጥሪውን ስሰማ ክራንቼን ይዤ በሬ ላይ ቆምኩ። ወንዶቹ ተሰበሰቡ፤ ሴቲቱን ጋቢ አልብሰው ቃሬዛው ላይ አስተኟት። ሊያነሱ ሲሉ ሽማግሌው "ቆዩ!" አሉ። ከእኔ ወዲህ ይህ ልማድ ሆኗል፤ መጀመሪያ ተሸካሚዎቹ ያጉረመርሙ ነበር፣ አሁን ለምደውታል። ቃሬዛ ከመነሳቱ በፊት ጎንበስ ብለው ሴቲቱን ራሷን ይጠይቋታል። ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብለው ነው፤ ቤቴ ድረስ ይሰማል።

"ልጄ፣ ምን ረሳን?"

ሴቲቱ ምጧን ውጣ፣ "ምንም አልረሳችሁም አባቴ" አለች። አነሷት። "ተቀበል!" እየተባባሉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሽማግሌው ከኋላ ቀርተው ነበር፤ ወደ በሬ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ተከተሏቸው።

እኔ ደጄ ላይ ቆሜ በጣቶቼ ቆጠርኩ። ልጄ ብትኖር ዘጠነኛ ወሯን ትይዝ ነበር። በዚህ ወር እዚህ ደጃፍ፣ በዚህ ድንጋይ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት ትድኽ ነበር።